የስድስቱ ቀን ጉዞ እና የመግቢያው ሒሳብ

እ.ኤ.አ. በጁን 2025 አንድ የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት ዩኒቨርሲቲዎች ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ ገንዘብ እንዲከፍሉ የሚፈቅድ ስምምነት አጽድቋል። በዚህም መሠረት አንድ ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለተጫዋቾቹ ማከፋፈል ይችላል። ከዚያ ወዲህ የኮሌጅ ፉትቦል ወዳጆች እሮሮ አላባራም፤ ድሮ ተማሪው ለፍቅርና ለትምህርት ቤቱ ክብር ብቻ ይጫወት ነበር፣ ገንዘብ ስፖርቱን ያበላሸው በእኛ ዘመን ነው ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ገንዘቡ ድሮም ነበረ፤ አሁን የተለወጠው ለተጫዋቹም መድረሱ ነው። ለዚህ የማቀርበው ማስረጃ ደግሞ እነዚሁ ሰዎች ደጋግመው የሚያወድሱት የ1899 የሰዋኒ ቡድን የውድድር ዘመን ነው። (ፉትቦል ስል በእጅ ተይዞ የሚሮጥበትን ሞላላ ኳስ ማለቴ ነው።)

ሰዋኒ በቴነሲ ግዛት፣ በከምበርላንድ ተራራማ ስፍራ ላይ የሚገኝ አነስተኛ የኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ነው። ቡድኑ በዚያ ዓመት 12 ጊዜ ተጫውቶ 12 ጊዜ አሸነፈ፤ 322 ነጥብ ሲያስቆጥር የተቆጠረበት 10 ብቻ ነበር። አሥሩንም ነጥብ ያስቆጠረው በጆን ሃይስማን የሚሠለጥነው የኦበርን ቡድን ሲሆን፣ እሱም 11 ለ 10 ተረትቶ ወጥቷል።

ዝናው ያረፈው ግን በስድስት ቀናት ላይ ነው። ቡድኑ ሐሙስ ኖቬምበር 9 የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲን በኦስቲን 12 ለ 0፣ በማግስቱ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤምን በሂውስተን 10 ለ 0፣ ቅዳሜ ቱሌንን በኒው ኦርሊንስ 23 ለ 0 ረታ። እሑድን ካረፈ በኋላ ሰኞ የሉዊዚያና ግዛት ዩኒቨርሲቲን (ኤል ኤስ ዩ) በባተን ሩዥ 34 ለ 0፣ ማክሰኞ ደግሞ የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲን በሜምፊስ 12 ለ 0 አሸነፈ። በባቡር የተጓዘው 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በአምስቱም ጨዋታ አንድ ነጥብ እንኳ አልተቆጠረበትም። ተጫዋቾቹ የባዕድ አገር ውኃ እንዳያሳምማቸው የተራራቸውን የምንጭ ውኃ በበርሜል ጭነው ሄደዋል። ባቡሩ ከተነሣ በኋላ ታኬታ ጫማዎቹ በጣቢያው መቅረታቸው ታውቆ፣ የቴሌግራም መልእክት ተልኮ በሚቀጥለው ባቡር እንደደረሱም ይተረካል።

ይህን ሁሉ ያቀነባበረው የቡድን መሪው ሉክ ሊ ነው፤ ገና የ20 ዓመት ተማሪ ነበር። ሰዋኒ ዋነኛ ተቀናቃኙ ከሆነው ቫንደርቢልት ጋር በመግቢያ ገቢ ክፍፍል ስላልተስማማ በየዓመቱ ጥሩ ገንዘብ የሚያስገኘው ጨዋታ ቀረ። ሊ የጎደለውን ለመሙላት ያገኘው መንገድ በአንድ የባቡር ጉዞ በተቻለ መጠን ብዙ ጨዋታ መደርደር ነበር፤ ለእያንዳንዱ ጨዋታ ለየብቻ ከመመላለስ ይልቅ ወጪው የሚቀንሰውም እንዲህ ሲሆን ነው። እንግዲህ ለጀግንነት ምሳሌ የሚጠቀሰው መርሐ ግብር የወጣው ከገቢና ወጪ ሒሳብ ነበር። ሊ በኋላ የአሜሪካ ሴናተር ሆነ፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግስት፣ በጃንዋሪ 1919፣ ጥቂት ወታደሮች አስከትሎ የጀርመኑን ንጉሠ ነገሥት ከተሸሸጉበት ከሆላንድ ጠልፎ ለማምጣት የሞከረውም ይኸው ሰው ነው። የዚህ ዓይነት ሰው አምስት ጨዋታ በስድስት ቀን ቢደረድር አይገርመኝም።

የሒሳቡን ዋጋ የከፈሉት ተጫዋቾቹ ናቸው። በጉዞው የተካፈሉት ሃያ ገደማ ብቻ ነበሩ፤ ያው ሰው በማጥቃትም በመከላከልም ይሰለፋል፣ ተቀይሮ የወጣም አይመለስም። ኳስ ወደ ፊት መወርወር ስላልተፈቀደ ጨዋታው ተደራርቦ መጋፋት ነበር፤ ጭንቅላትን የሚጠብቅ ነገር የሚያጠልቀውም ጥቂቱ ነው። አምበሉ ሄንሪ ሲበልስ በኦስቲን ጭንቅላቱ ተፈንክቶ፣ ቁስሉን አስሮ መጫወቱን እንደቀጠለ ይነገራል። ይህን የመሰለው ጨዋታ ያስከተለው ጉዳት እየከፋ ስለሄደ፣ በ1905 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የሃርቫርድን፣ የየልንና የፕሪንስተንን ሰዎች ዋይት ሐውስ ድረስ ጠርተው እስከ መምከር ደረሱ፤ በዚያ ዓመት ብቻ 18 ሰዎች መሞታቸው ተዘግቧል። በ1906 ኳስን ወደ ፊት መወርወር የተፈቀደው ከዚህ በኋላ ነው። ሲበልስና ጓደኞቹ ከኦስቲን እስከ ሜምፊስ ሕዝብ ትኬት እየገዛ ያያቸው ነበር፤ ትኬቱ የተሸጠው ደግሞ በእነሱ ጉልበት ነው። ዛሬ የተጫዋቹን ድርሻ እንደ ነውር የሚቆጥር ሰው ያንን የትኬት ገንዘብ ምን እንደሚለው ማወቅ እፈልጋለሁ።

ድሮ ሁሉ ውሸት ነበር አልልም፤ የሰዋኒ ልጆች በእርግጥ ክፍል ገብተው የሚማሩ ተማሪዎች ነበሩ፤ ዩኒቨርሲቲውም በኋላ ጉዳዩን በቁም ነገር ይዞታል። ሰዋኒ በ1932 ከደቡብ ምሥራቅ የዩኒቨርሲቲዎች ሊግ መሥራቾች አንዱ ሆኖ ሳለ፣ በሊጉ 37 ጨዋታ አድርጎ አንዱንም ሳያሸንፍ በ1940 ለቅቆ ወጣ፤ ተጫዋች በገንዘብ ከሚያሰባስቡት ጋር መሽቀዳደሙን ትቶ ለስፖርት የሚሰጠውን የትምህርት ድጎማም አቆመ። ዛሬም የስፖርት ስኮላርሺፕ በማይሰጥበት በሦስተኛው ዲቪዚዮን ይጫወታል። ንጹሑን ጨዋታ የሚናፍቁ ወገኖች እዚያው ተራራ ላይ ያገኙታል፤ ቅዳሜ ሲደርስ ግን ቴሌቪዥናቸውን የሚከፍቱት ሰዋኒ በ1899 12 ለ 0 የረታውን የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲን ለማየት ነው።