እርማት፦ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ቡታጋዙን የሚያደክመው ብርዱ ነው

ወገኖች፣ ላሊበላ አጠገብ ባለው አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ድንኳን ተክለው ለማደር ለሚዘጋጁ ሰዎች «ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ቡታጋዝ አይሠራም» የሚል ምክር እየተደጋገመ ነው። በቅንነት እንደተባለ አውቃለሁ፤ ግን ልክ አይደለም። ከ4,200 ሜትር በላይም ይነድዳል። ችግሩ ብርዱ ነው። ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ተራ ቡቴን የሚባለው ጋዝ ወደ 0 ዲግሪና ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ መትነኑ በጣም ይደክማል፤ ስለዚህ ሌሊት ውርጭ ካገኘው ጠዋት ነበልባሉ ይደክማል ወይም ይሞታል፣ ሰውም ጋዙ አለቀ ብሎ ቆርቆሮውን ይጥለዋል፣ ትኩስ ነገር ሳይቀምስ ይወርዳል።

ቆርቆሮውን ነቅነቅ አድርጉት፤ ውስጡ ፈሳሽ ሲንቀሳቀስ ከተሰማችሁ አላለቀም። ስትገዙም ላዩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፦ አይሶቡቴንና ፕሮፔን (ከተራ ቡቴን ይልቅ በብርድ የሚተንኑ ጋዞች) የተቀላቀለበት ለብርድ ይሻላል። ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ አሳድሩት። እሳት ላይ ግን በፍጹም እንዳታሞቁት፣ ይፈነዳል!