ለአልጋ ግርጌ ሽማግሌዎቻችን የቀረበ ምስጋና

ሰሞኑን ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ፣ ሹፌሩ “ፍሬን እምቢ አለኝ” ያለው የጭነት መኪና አንድ አርሶ አደርን ከነአህያቸው ገጨ። አህያዋ እዚያው ሞተች፤ እሳቸው እግራቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ገቡ። የትራፊክ ፖሊሱ የአደጋውን ፕላን አንስቶ ሳይጨርስ፣ ሐኪሙም ጄሶውን አስሮ እጁን ሳይታጠብ፣ ሽማግሌዎች ከአልጋው ግርጌ ተደርድረው ነበር። አምቡላንሶቻችን ይህን ፍጥነት ቢማሩት ስንት ነፍስ በተረፈ!

አንባቢ እነዚህን ሰዎች ያውቃቸዋል። በአካባቢያችን መኪና ሰው በገጨ ቁጥር፣ ማን እንደጠራቸው ሳይታወቅ ጋቢያቸውን አጣፍተው ይደርሳሉ፤ ተጎጂው ስለ ካሣ ከማሰቡ በፊትም “ከእግዚአብሔር የመጣ ነው፤ የሹፌሩን ልጆች አስብ” ይሉታል። አደጋውን ያመጣው ፈጣሪ ይሁን እንበል፤ ካሣው የሚጠፋው ግን በእነሱ ትጋት መሆኑን ሳይመሰክሩላቸው ማለፍ ንፉግነት ነው።

የሰሞኑ ድርድር የተጀመረው በአህያዋ ነው፤ አህያዋ ዋጋ አላትና። ጥርሷን የሚያውቅ ነጋዴ ከገበያ ተጠርቶ ዕድሜዋን መሰከረ። ዘንድሮ ትወልድ ነበር የሚል ጎረቤት በመገኘቱ፣ ያልተወለደው ውርንጭላ ወንድ ይሆን ሴት እስከ ምሳ ሰዓት ተከራከሩና ሴት እንድትሆን በአብላጫ ድምፅ ወሰኑ። ከዚያም መጫኛው፣ አስፋልት ላይ የተበተነው ገብስ፣ ገብሱ የነበረበት ጆንያ፣ ጆንያው የተሰፋበት ሲባጎ ሳይቀር አንድ በአንድ ተመዘገበ። ሲባጎው አሮጌ በመሆኑ ግማሽ ዋጋ ተያዘለት፤ ጥንቃቄ ማለት እንዲህ ነው።

ተራው የእግር ሆነ። ሁሉም ዝም አሉ። እግር ገበያ አይወጣም፤ ጥርስ የለውም፤ አይወልድም። አንዱ አዛውንት “እግሩንማ ፈጣሪ ይጠግነዋል” አሉ። ሌላው፣ አህያዋ ከሞተች ወዲህ ባለቤቷ ወደ ገበያ የሚመላለሱበት ጉዳይ ስለሌለ፣ እግሩ ቢሰበርም የሚጓደል ሥራ እንደሌለ በሰፊው አስረዱ። ሦስተኛው የመኪናው የፊት መብራት በአህያዋ ጭንቅላት መሰበሩን አስታወሱ፤ ዋጋው ከአህያዋ ዋጋ ላይ ተቀነሰ፤ የሽማግሌዎቹ ምሳና ጠላም እንዲሁ። በመጨረሻ ሹፌሩ እንደ ወጉ በአንገቱ ድንጋይ ተሸክሞ ገባና “ስለ እግዚአብሔር” ተባለ፤ ድንጋዩ የሚወርድበት ቦታ ስለጠፋም ጄሶው አጠገብ፣ ፍራሹ ላይ ተቀመጠ።

ሕግ አያውቁም ብሎ የሚያማቸው ሰው አይጠፋም፤ ነገር ግን መንገዱን ያሳያቸው ሕጉ ራሱ ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799፣ ለአንድ ሰው ሞት ወይም የአካል ጉዳት የሚከፈለውን ከ40 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ሲወስን፣ ለንብረት ጉዳት እስከ 100 ሺህ ብር ፈቅዶ ነበር። አህያ ንብረት ናት፤ እግር አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 2116 የኅሊና ጉዳት ካሣን 1 ሺህ ብር ላይ አቁሞታል። ለሽማግሌዎቻችን የተረፋቸው ቅናሽ ጥቂት ነበር፤ እሱንም አላባከኑትም።

እዚህ ላይ ሽሙጡን ልተወው። ማደንዘዣው ያልለቀቀውን ሰው አውራ ጣት ቀለም ነክሮ “ታርቄያለሁ፤ ከእንግዲህ የምጠይቀው የለም” በሚል ወረቀት ላይ መጫን ዝርፊያ ነው። በዚሁ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3312 መሠረት ዕርቅ በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይጸናል። አጥንቱ ሳይገጥም ቢቀር፣ እርፍ መጨበጥ ቢያቅታቸው፣ የሕክምና ቦርድ የጉዳቱን መጠን በመቶኛ ጽፎ ቢሰጣቸው፣ እኚህ ሰው ያንን ማስረጃ ይዘው የት ይሄዳሉ? የሹፌሩን ልጆች አስብ ያሉት ሰዎች የገበሬውን ልጆች ቆጥረዋቸው ያውቃሉ?

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። በቁጥር 2081 የመኪናው ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው፤ መስታወቱ ላይ የተለጠፈው የሦስተኛ ወገን ስቲከርም ለዚሁ ቀን ሲባል በየዓመቱ የሚከፈልበት ነው። ስለዚህ በሹፌሩ ልጆች ስም ምሕረት ሲለመን፣ ምሕረቱ የማን ካዝና ውስጥ እንደሚገባ መጠየቅ የሽማግሌን ክብር መንካት ይሆናል።

አልታረቅም ለሚል ደፋርም መላ አለ። “ባለቤቱ አዲስ አበባ ነው”፣ “ፆሙ ይፈታ”፣ “በልጉ ይግባ” እየተባለ ቀጠሮ ይሰጠዋል። ረዘም ያለ የወንጀል ይርጋ (የክስ ማቅረቢያ ጊዜ ገደብ) ከሌለ በቀር፣ በቁጥር 2143 የካሣ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል፤ ሁለት ዓመት ደግሞ ለሠለጠነ ሽማግሌ ጥቂት ቀጠሮ ነው። ሁለት ዓመት ከአንድ ቀን ሲሞላ የመኪናው ባለቤት ያን ሁሉ ጊዜ ሲጠራ የነበረውን ስልክ ያነሳል፤ “እግርዎ እንዴት ሆነልዎ?” ብሎም ይጠይቃል።