«ተፈጥሮ ነው» ባዮች መነጽራቸውን ያውልቁ

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025፣ ለሚያርጡ ሴቶች በሚታዘዙ የሆርሞን መድኃኒቶች ላይ ከ20 ዓመት በላይ በጥቁር ሣጥን ታጥሮ ከቆየው ማስጠንቀቂያ አብዛኛው እንዲነሣ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ አንድ መልስ ደጋግሜ እሰማለሁ፦ «ማረጥ በሽታ አይደለም፤ ተፈጥሮ ነው፤ ተፈጥሮ ደግሞ መድኃኒት አይሻም።» ይህን ከሚሉት መካከል ብዙዎቹ ከ40 ዓመት በላይ በመሆናቸው፣ ሐሳባቸውን የሚጽፉት የማንበቢያ መነጽር አድርገው ነው። የዓይን ሌንስ ከዕድሜ ጋር መጠንከሩም ተፈጥሮ ነው፤ እስካሁን ግን መነጽሩን ስለ ተፈጥሮ ክብር ብሎ ያወለቀ አላየሁም። ሌሊት ሦስት ጊዜ አንሶላዋ በላብ ርሶ የምትነቃዋ፣ አጥንቷ እየሳሳ የሚሄደው ሴት ግን «ዕድሜ ነው፣ ቻዪው» ትባላለች።

ማስጠንቀቂያው የተወለደው እ.ኤ.አ. በ2002 ከተቋረጠው የእነዚሁ መድኃኒቶች ታላቅ ጥናት ነው። ተሳታፊዎቹ በአማካይ የ63 ዓመት ሴቶች፣ ማለትም አብዛኞቹ ካረጡ ዓመታት ያለፏቸው ነበሩ። ኤስትሮጅንንና እንደ ፕሮጄስቴሮን የሚሠራ ሆርሞንን በአንድነት ከወሰዱት መካከል፣ ከ10,000 ሴቶች በዓመት 8 ተጨማሪ የጡት ካንሰር ታየ። አደጋው እውነተኛ ነው፤ ማሕፀን ላላት ሴት ኤስትሮጅንን ያለ ፕሮጄስቴሮን መስጠት የማሕፀን ካንሰር አደጋን እንደሚጨምርም አልክድም። ነገር ግን ማሕፀናቸው ወጥቶ ኤስትሮጅን ብቻ በወሰዱት ዘንድ የጡት ካንሰር አልጨመረም፤ ይህን ግን ያስታወሰ ጥቂት ነው። የ63 ዓመቷ ሴት ውጤት የ50 ዓመቷን ሴት ለማስፈራሪያ ዋለ።

እኔ ግን የጥፋቱ ሥር ከጥናቱ ይልቅ በስያሜው ውስጥ አለ ባይ ነኝ። ኤስትሮጅን «የሴት ሆርሞን»፣ ቴስቶስቴሮን «የወንድ ሆርሞን» ተብለው ስለ ተሰየሙ፣ የመጀመሪያው የውበትና የቅንጦት፣ ሁለተኛው የጉልበትና የክብር ጉዳይ ሆኖ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1994 የሕክምና ጽሑፎች ውስጥ የገባውን አንድ የ28 ዓመት ወንድ እንመልከት። ቴስቶስቴሮኑ ጤናማ ነበር፤ ሰውነቱ ግን በተወለደበት የዘረመል (ጂን) ጉድለት ምክንያት ኤስትሮጅንን መቀበል አይችልም። ቁመቱ 204 ሴንቲሜትር ደርሶ ገና ያድግ ነበር፤ የአጥንቱ ጫፎች አልተዘጉም፤ የአጥንቱ ዕድሜ የ15 ዓመት ልጅ ነው፤ በዚያ ላይ አጥንቱ ሳስቷል። የወንዱን እድገት በጊዜው የሚያቆመውና አጥንቱን የሚያጠነክረው «የሴት» የተባለው ሆርሞን መሆኑን ይህ ሰው በገዛ አካሉ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናትም ጤነኛ ወንዶች ኤስትሮጅን እንዳያመነጩ ሲደረግ የሰውነታቸው ስብ እንደሚጨምርና የወሲብ ፍላጎታቸው እንደሚወርድ አረጋገጠ። በ60 ዓመት ወንድ ደም ውስጥ ያለው ኤስትራዳዮል (ዋናው የኤስትሮጅን ዓይነት)፣ በዚያው ዕድሜ ሆርሞን ከማትወስድ ሴት ደም ውስጥ ካለው በአብዛኛው ይበልጣል። የሴቷ እንቁልጢም (እንቁላል የሚወጣበት ዕጢ) ቴስቶስቴሮን ያመነጫል። እንግዲህ ማን የማንን ሆርሞን ነው የያዘው?

«ተፈጥሮ አይታከምም» ባዮቹ የወንዱ ተራ ሲደርስ ድምፃቸው ይጠፋል። የወንድ ቴስቶስቴሮን የሚቀንሰው ለዓመታት በዝግታ ነው፤ የሴቷ ኤስትሮጅን ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይወድቃል። ተፈጥሮ መታገሥ ካለበት በመጀመሪያ የሚታገሠው ያ በዝግታ የሚወርደው ነበር። ይሁንና ድካምና የሆድ ውፍረት ያስጨነቀው ጎልማሳ ምርመራው እንኳ በወጉ ሳይደረግለት በየማስታወቂያው «ወንድነትህን መልስ» ይባላል። የሚሸጥለት ቅባት ወይም መርፌ ምን እንደሚያደርግ የሚነግረውም ጥቂት ነው፦ ከውጭ የገባው ቴስቶስቴሮን አንጎል ሥር ላለችው ፒቱታሪ ዕጢ «በቂ አለ» የሚል ምልክት ይሰጣል፤ ዕጢዋ የዘር ፍሬዎችን የሚያሠሩትን ሆርሞኖች መላክ ታቆማለች፤ የወንዱ ዘር ይመነምናል፣ የዘር ፍሬዎቹም ይሟሽሻሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው ጥናት በየሳምንቱ 200 ሚሊግራም ቴስቶስቴሮን ለጤነኛ ወንዶች የሰጠው ጉልበት ሊጨምርላቸው ሳይሆን ልጅ እንዳይወልዱ ሊከላከልላቸው ነበር።