ከጠለቃችሁ በኋላ ወደ ጅማ አትቸኩሉ

ከቀይ ባህር ዳርቻ በእግር ገብቶ ስለመጥለቅ የጻፋችሁትን እኛ ቤት ቡና ላይ ጮክ ብለን አነበብነው። የኮራሉና የውሃ ውስጥ ዋሻው ነገር ልብ ይሰርቃል። የእህቴ ልጅም ሊሄድ ተነስቷል። ግን የመመለሻውን ነገር አላነሳችሁም! ጅማ ከባህር ጠለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ጠላቂ ጥልቀት ላይ ሲቆይ፣ ከሚተነፍሰው አየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን የተባለ ጋዝ ሰውነቱ ውስጥ ይሟሟል። ሰውየው ቶሎ ከፍታ ላይ ከወጣ፣ ናይትሮጅኑ እንደተከፈተ ለስላሳ አረፋ ይሆናል። መገጣጠሚያ ያሳምማል፣ ሽባም ሊያደርግ ይችላል። አንዴ የጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ የጠለቀ 18 ሰዓት ሳይበር ይቆይ። በመኪና ዳገት መውጣትም ያው አደጋ አለው። ዋሻው ውስጥ ደግሞ፣ ልጆች፣ የመግቢያው ብርሃን ከዓይናችሁ እንዳይጠፋ።