ማሳደጉን ማን ወሰደው?

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ሞንስተር የሚባሉ ምናባዊ ፍጡሮች የሚያዙበትና የሚዋጉበት የቪዲዮ ጌም፣ ፖኬሞን ሌጀንድስ ዜድ-ኤ፣ ከወጣ ወዲህ አንድ ወሬ ሰልችቶኛል። ተራ በተራ መዋጋት ቀርቶ ፍልሚያው ሳይቆም የሚሄድ ሆነ። ይህን ያየ ሁሉ «በቃ፣ ዘመናዊ ሆነ፤ የድሮው አጨዋወት አበቃለት» ይላል። ውሳኔው አላናደደኝም። ጭብጨባው ነው ያናደደኝ።

ዘመናዊ? ሌላው የሞንስተር ጌም ዲጂሞን ወርልድ በ1999 በመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ሲወጣ ፍልሚያው ተራ አይጠብቅም ነበር። ሞንስተር ራንቸር የተባለው ጌም ደግሞ በ1997 ሞንስተሮቹን በ60 ሰከንድ ገደብ ያፋልም ነበር። ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ የኖረን ነገር አዲስ ግኝት ማለት ዓይን አውጣነት ነው። «ተራ በተራ ማለት ቁልፍ መጫን ብቻ ነው» የሚሉትማ ባይናገሩ ይሻላቸው ነበር። ተጋጣሚህ ቀጥሎ የትኛውን ሞንስተር እንደሚያስገባ ገምተህ የራስህን ቀድመኸው መቀየር ቁልፍ መጫን ከሆነ፣ ቼዝም እንጨት መግፋት ነው።

ሁሉም ስለ ፍልሚያ ሲጨቃጨቅ ትልቁ ነገር ተረሳ። እነዚህ ሞንስተር የምናሳድግባቸው ጌሞች ናቸው ይባላል። ታዲያ ማሳደጉ የታለ? ቻርማንደር የሚባለው ፖኬሞን ሌቭል (የዕድገት ደረጃ) 16 ላይ ቻርሜሊዮን ይሆናል፣ 36 ላይ ቻሪዛርድ። ብትንከባከበውም ያው ነው። አንድም ቀን ሳታዋጋው ሌቭል የሚጨምር ከረሜላ ብቻ ብታጎርሰውም ያው ነው። ጎልባት የሚባለው ፖኬሞን ከአሳዳጊው ጋር ባለው ወዳጅነት ይለወጣል ትሉኝ ይሆናል። እሱም ቢሆን መድረሻው አንድ ነው፤ ክሮባት። ለጥንካሬ፣ ለፍጥነትና ለመሳሰሉት 510 የሥልጠና ነጥብ ማከፋፈልስ? ያ ሂሳብ ነው። ጭራሽ ከ2019ኞቹ የፖኬሞን ጌሞች ሶርድ እና ሺልድ ወዲህ አንዱ ሲዋጋ ቁጭ ብለው የሚያዩትም ሌቭል የሚያሳድገውን የልምድ ነጥብ ይካፈላሉ።

ወደ ዲጂሞን ወርልድ እንምጣ። የምትይዘው ዲጂሞን የሚባል ሞንስተር አንድ ብቻ ነው። ይርበዋል፣ ይደክመዋል፣ ሽንት ቤት ካላደረስከው መንገድ ላይ ይለቀዋል። አድጎ ምን እንደሚሆን የሚወስኑት ክብደቱ፣ ሥልጠናውና ስንቴ ቸል እንዳልከው ናቸው። ዝም ብለህ ከተውከው ኑሜሞን የሚባል ዝልግልግ አረንጓዴ ፍጡር ሆኖ ታገኘዋለህ፤ የእጅህን ነው ያገኘኸው። ሲዋጋም የሚዋጋው ራሱ ነው። አንተ ከዳር ሆነህ ታዛለህ፤ አእምሮው ካልሠለጠነ ደግሞ የምታዘው ነገር እንኳ ጥቂት ነው። እዚህ ላይ ፍልሚያው ሳይቆም መሄዱ ትርጉም አለው፤ የምታየው አስተዳደግህን ነዋ! ከዚያ ያረጃል፣ ይሞታል፣ ከእንቁላል እንደገና ትጀምራለህ። ሞንስተር ራንቸርም ላይ ያለ እረፍት ካሠለጠንከው ዕድሜውን ራስህ ታሳጥራለህ። ቸኩለህ ጠንካራ ልታደርገው ስትል ታጣዋለህ። እንዲህ ያለ ውሳኔ የዛሬዎቹ ፖኬሞኖች ውስጥ የት አለ?

«የለፋሁበት ሲሞት ጊዜዬ ባከነ» ይላሉ። የባከነውስ ምንም ብታደርግለት ለማይለወጥ ፍጡር የሰጠኸው ጊዜ ነው። ዲጂሞን ወርልድ ሕጎቹን ለተጫዋቹ በወጉ አለማስረዳቱን እቀበላለሁ። እሱ ግን በማብራሪያ የሚስተካከል ጉድለት ነው እንጂ ሐሳቡን የሚጥል አይደለም።

ዜድ-ኤ ላይ ሁለት ፖኬሞን አጣምሮ እንቁላል ማስፈልፈል እንኳ የለም። የቀረችውም ትንሽ ነገር ተነሥታለች፣ ሰው ግን ስለ ፍጥነት ያጨበጭባል። የሚቀጥለውን ፖኬሞን የሚሠሩት ሰዎች ፍልሚያውን እንዳሻቸው ያድርጉት። የእኔ ቻሪዛርድ ግን በአያያዜ የተነሣ ከሌላ ሰው ቻሪዛርድ በመልክም በጠባይም ይለይልኝ።