የጁገል ጓዳ ይጻፍ ወይስ ይቅር?

ሐረር የሄደ ሰው ሁሉ አይቷቸው የሚመለሳቸው ነገሮች ይታወቃሉ፤ የጅብ ምገባው፣ ራምቦ ቤት የሚባለው ሕንጻ፣ የአሚር ኑር መቃብር፣ ቀለም የተቀቡት ግድግዳዎች። ከዚያ ያለፈው ጁገል፣ በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ፣ የሚገኘው በሰው በሰው ነው። አንድ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር የጠባብ መንገዶችን ስም፣ ትንንሾቹን የወሊዮች (የሙስሊም ቅዱሳን) ቦታዎች፣ ጥሩ ቁጢ (የቡና ቅጠል ሻይ) የሚፈላበትን ቤት ሳይቀር ለዓመታት በደብተር ሲመዘግቡ ቆይተው አሁን ከነካርታው ሊያሳትሙት ተነሥተዋል። የቀድሞ ተማሪያቸው የሆነች አስጎብኚ ደግሞ “ይቅርብን” ትላለች። የተጻጻፉትን እንደሚከተለው አቅርበናል።

መምህሩ

በግንቡ ውስጥ ያለው የጁገል ስፋት 48 ሄክታር ነው። እግሩ ደህና የሆነ ሰው በሸዋ በር ገብቶ በኤረር በር ለመውጣት ብዙ አይደክምም። በዚህች ቁራሽ መሬት ላይ 368 ጠባብ መንገዶች አሉ ይባላል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 ከተማዋን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ደግሞ 82 መስጊዶችና 102 የወሊዮች ቦታዎች እንዳሏት ጽፏል። ቁጥሩን ማንም በቃሉ ይወጣዋል። ስማቸውን በቃሉ የሚወጣው ማን ነው?

ባለፈው ዓመት የልጅ ልጄን ዕቃ እንዲያመጣልኝ ላክሁት፤ መንገዱን በስሙ ነገርሁት። “ባንኩ ጋ ያለው ነው?” አለኝ። እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው ኳስ ሲያንከባልል ያደገ ልጅ ነው። በሮቹ ትልልቅ ስለሆኑ ስማቸው አልጠፋም፤ እንዲያውም እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት አላቸው። አማርኛ ተናጋሪው ቡዳ በር የሚለውን ሐረሪው በድሮ በሪ ይለዋል፤ ሰንጋ በር ሱቅጣጥ በሪ ነው፤ ኤረር በር አርጎብ በሪ ነው። ትንሹ መንገድ ግን ሁለት ስም ሲኖረው አንዱ ሌላውን እያስረሳ ቆይቶ ሁለቱም ይጠፋሉ። መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ስም እንኳ እስካሁን የቆየው ልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ዳር ተቀምጠው የስፌት መኪናቸውን ስለሚያንጫርሩ ነው፤ ድምፁ ራሱ ስሙን ይጠራል። እነሱ ዘግተው የሄዱ ቀን ምን ሊቀር ነው?

ደግሞ እኛ ስላልጻፍን ሳይጻፍ አልቀረም። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 መጥቶ ዐሥር ቀን ያህል ተቀምጦ ሄደና መጽሐፍ አወጣ። ራምቦ ቤት የሚባለውን ያሠራው ሕንዳዊ ነጋዴ ነው፤ ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦ በከተማችን መኖሩ እውነት ቢሆንም እዚያ ቤት አልኖረም። ይህን አስጎብኚዎቹ ራሳቸው እያወቁ እንግዳውን ደረጃውን ያስወጡታል። ባለቤቱ ዝም ሲል ስም የሚያወጣው እንግዳ ነው።

አስጎብኚዋ

ጋሼ፣ ስምንተኛ ክፍል ታሪክ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ስለዚህ ይህንን ስጽፍ ቀይ እስክሪብቶዎ ይታየኛል። ቢሆንም እጽፋለሁ።

የሐረሪን ቤት ከውጭ ያየ ሰው ምን ያያል? ግንብ። ረዥም፣ ነጭ ወይም አረንጓዴ ግንብ፣ አንድ የግቢ በር፣ ሌላ ምንም። በሩን አልፎ፣ ግቢውን አልፎ፣ ጫማውን አውልቆ ሲገባ ነው ነደባው፣ የመቀመጫው መደብ፣ ደረጃ በደረጃ ከፍ እያለ፣ በቀይ አፈር ተለቅልቆ፣ ስፌቶቹ ግድግዳውን ሞልተው የሚጠብቁት። እያንዳንዱ ነደባ የሚቀመጥበት ሰው አለው፤ ታላቅ የሚቀመጥበት ላይ እንግዳ ዘሎ ቢወጣ የቤቱ ሰው አፍሮ ዝም ይላል እንጂ አይነግረውም። ከእንግዳ ዓይን የተሰወረው ነገር ተረስቶ አይደለም የተሸሸገው። ሲሠራ ጀምሮ ለተጋበዘ ሰው ብቻ እንዲታይ ተደርጎ ነው የተሠራው።

አንድ ነገር ልንገርዎ። እንግዶች አንዳንዴ የምወስድበት አንድ ቤት ነበረ። እመቤቲቱ ቡና አፍልታ፣ ከልጆቿ ጋር አስቀምጣ ታጫውታቸው ነበር። አንዱ እንግዳ አገሩ ሲመለስ ቤቱ የት እንደሆነ ከነካርታው በኢንተርኔት አወጣው። ደግ አስቦ ነው፤ ክፋት የለበትም። ከዚያ በኋላ ቀትር ላይ፣ ሰው በሚያርፍበት ሰዓት፣ የማታውቃቸው ሰዎች ስልካቸውን እያዩ በሯን ያንኳኩ ጀመር። አራስ ልጇ ተኝታለች። ሦስት ጊዜ ከፈተች፤ በአራተኛው አልከፈተችም። አሁን እኔም ሳንኳኳ አትከፍትልኝም።

የወሊዮቹ ቦታም እንዲሁ ነው። ከ102ቱ አንዳንዱ አረንጓዴ ጉልላት አለው፤ አንዳንዱ ግን ለማያውቀው አንድ የቆየ ዛፍና ጥቂት ድንጋይ ነው። ፎቶ ለመነሣት ድንጋዩ ላይ የሚቀመጥ ሰው አይቻለሁ። ካርታዎ “እዚህ ዛፍ አለ” ይለዋል፤ “አትቀመጥ” የሚለው ግን ማን ነው? የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው ጋሼ።

መምህሩ

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፣ ልጄ። ሰርዶውን የሚግጠው በሬ አንቺ ሆነሽ ተረቱን ስትተርቺው ትንሽ ያስቃል። መንገዱን ሁሉ የጻፍሁት እንደሆነ አንቺን ማን ይቀጥርሻል? እሱን አስቀድመሽ ብትናገሪው ክርክራችን ባጠረ ነበር።

አስጎብኚ ለመቅጠር አቅም የሌለው ተማሪ ከድሬዳዋ፣ ከጅጅጋ፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ይመጣል። ምን አይቶ ይመለሳል? ማታ ከግንቡ ወጥቶ ጅብ ሥጋ ሲቀበል ያያል፤ ገንዘብ ከፍሎ። ይህ ለእንግዳ የሚደረገው ምገባ እኔ ከተወለድሁ ወዲህ የመጣ ነገር ነው። ከዚያ የሚበልጠውን ግን አጠገቡ አልፎት ይሄዳል። ግንቡ ሥር የተከፈቱትን ቀዳዳዎች፣ ጅቡ ሌሊት ገብቶ ቆሻሻውን ጠርጎ እንዲወጣ የተተዉለትን፣ ማን ያሳየዋል? በአሹራ ቀን ገንፎ በቅቤ ተሠርቶ ለጅብ እንደሚቀርብ፣ ጅቡ አበላሉን ሲያሳይ ሽማግሌዎች የዓመቱን ዕጣ እንደሚያዩበትስ? ለዚያ ልጅ የራሱ አገር ታሪክ ነው፤ የከፈለ ብቻ ይወቀው ማለት ደግ አይደለም።

አቶ አብዱላሂ ሸሪፍን አስቢ። ሰው እንደ ተራ ነገር የሚያየውን የእጅ ጽሑፍ፣ ሳንቲም፣ ጌጥ፣ የድሮ ዘፈን ቅጂ አንድ በአንድ ለቅሞ በገዛ ቤቱ አኖረ፤ በኋላ ራስ ተፈሪ ቤት ሙዚየም ሆነ። “ይቅር፣ ጓዳ ነው” ብሎ ቢቀመጥ ኖሮ ዛሬ ያንን መጻሕፍት የት እናገኘው ነበር?

አስጎብኚዋ

ልክ ነዎት፤ የምበላው ከዚሁ ነው። ልጆቼም። አልክድም፣ ላፍርበትም አልችልም።

አቶ አብዱላሂ ግን የከፈቱት የራሳቸውን በር ነው። እርስዎ ሊከፍቱ የተነሡት የሌላውን ሰው በር ነው። እኔ የምከራከረው በዚህች ላይ ብቻ ነው።

የመንገዶቹን ስም ይጻፉ፤ እንዲያውም ግድግዳው ላይ በሦስት ቋንቋ ቢለጠፍ ቀድሜ መሰላል የምይዝልዎ እኔ ነኝ። የጅቡን ቀዳዳ ይጻፉ። ግድር መጋላን ይጻፉ፤ ገበያ ነው፣ የሁሉም ነው። የግመል ሳምቡሳውን ይጻፉ፣ ሥጋ ተራው ላይ ጭልፊቱ ከሰማይ ተወርውሮ ከእጅ ላይ እንደሚነጥቅም ይጻፉ፤ እንግዳ ሁሉ ሲደነግጥ እኛ የምንስቀውን ሳቅ ግን መጻፍ አይችሉም። ያቺን የእርቅ መንገድ የሚሏትን፣ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ካልተፋተገ የማያልፍባትን፣ ተጣልተው የከረሙ ሰዎች ፊት ለፊት ሲገናኙባት ሳይታረቁ መተላለፍ አይችሉም የምንላትን፣ እሷንም ይጻፉ።

ቁጢ ቤቷን ግን ይተዉልኝ። ያውቋታል፤ ከመኪና ግርግር ወደ ውስጥ ታጥፎ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ (ይኸው እኔው ልጽፈው ነበር!)። አራት አግዳሚ ወንበር ናት። ጠዋት የሚመጡት የእኛው ሽማግሌዎች ናቸው፤ የአፎቻቸውን (የመረዳጃ ማኅበራቸውን) ጉዳይ፣ የማን ልጅ ታጨች፣ የማን ቤት ለቅሶ አለ የሚሉትን እዚያ ነው የሚጨርሱት። ስምንት እንግዳ አንድ ጊዜ ከገባ ሽማግሌው ተነሥቶ ቦታ ይለቅቃል፤ ሐረሪ ነዋ! ሁለተኛ ቀንም ይለቅቃል። በሦስተኛው ቀን ቤቱ ይቀራል። እንግዳውም ከዚያ በኋላ የሚያየው እንግዳ ብቻ ነው፤ ሊያይ የመጣው እኮ ሽማግሌውን ነበር። እኔ ወደዚያ ስሄድ ከሁለት ሰው በላይ አልይዝም፤ ገብቼ ጠይቄ ነው የማስቀምጣቸው። ባለቤቲቱ “ዛሬ አይመችም” ያለችኝ ቀን ወደ ፈረስ መጋላ አደባባይ እንወጣለን።

መምህሩ

የበሩ ነገር ገብቶኛል። ከደብተሬ የሰው መኖሪያ የሆኑትን አሥራ አንድ ቤቶች ሰርዣለሁ። የወሊዮቹን ቦታዎች ግን አልሰርዝም፤ ከእያንዳንዱ ሥር እንዴት እንደሚገባ፣ የት እንደማይቀመጥ እጽፋለሁ፤ “አትቀመጥ” የሚለው ማን ነው ላልሽው እኔ ነኝ።

ስለ ቁጢ ቤቷ፣ ትናንት ጠዋት ሄድሁ። ሁለት ስኒ ጠጥቼ፣ ደብተሩን አውጥቼ ገጹን አነበብሁላት። አንቺም እኔም ይህን ያህል ስንሟገት አንዳችን እንኳ አልጠየቅናትም ነበር። እስክጨርስ ሰማችኝና፣ “ጻፍ፤ ግን ዓርብ ከስግደት በፊት ዝግ ነኝ በል” አለችኝ። ጽፌዋለሁ።

አስጎብኚዋ

ጋሼ፣ አራቱ አግዳሚ የት ላይ እንደሚጨመር ጠየቋት?