ሮው ፋይል ያልተመዘገበ ቀለም አይመልስም

«በሮው (ሴንሰሩ የመዘገበውን ሳያቀናብር በሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) እስካነሳችሁ ድረስ የመድረኩ መብራት ቀይም ሆነ ሰማያዊ አያሳስብም፤ የነጭ ቀለም ሚዛኑን ኋላ በኮምፒውተር ታስተካክላላችሁ» የሚለው ምክር እርማት ያስፈልገዋል። ለተራ አምፖል ቢጫነት ትክክል ነው። ለኮንሰርት ኤልኢዲ መብራት ግን አይሠራም።

የአምፖል ብርሃን ወደ ቢጫ ቢያደላም ቀይም፣ አረንጓዴም፣ ሰማያዊም በውስጡ አለ፤ ሚዛን ማስተካከል እነዚህን ማመጣጠን ነው። ቀይ ኤልኢዲ የሚረጨው ግን በ630 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ጠባብ ክልል ብቻ ነው። በተለመደው የካሜራ ሴንሰር ላይ ከ4 ነጥቦች 2ቱ አረንጓዴ፣ 1ዱ ቀይ፣ 1ዱ ሰማያዊ ማጣሪያ አላቸው። ስለዚህ 3ቱ ጨለማ ውስጥ ተቀምጠው አንዱ ብቻውን ይሠራል፤ እሱም ቶሎ ሞልቶ ይፈስሳል፣ ማለትም ይቃጠላል። የዘፋኟ ጉንጭ፣ አፍንጫና ከንፈር ተዋህደው አንድ ወጥ ቀይ ልጥፍ የሚመስሉት ለዚህ ነው። ያልተመዘገበን አረንጓዴ ማጉላት የሚያወጣው ሻካራ ነጠብጣብ ብቻ ነው።

ሂስቶግራሙን (ከጨለማ በግራ እስከ ብርሃን በቀኝ ያለውን ስርጭት የሚያሳየውን የካሜራ ግራፍ) በየቀለሙ ለይታችሁ ተመልከቱ። አጠቃላዩ መሀል ላይ ተረጋግቶ ሳለ ቀዩ የቀኙን ጠርዝ ገጭቶ ታገኙታላችሁ፤ እስኪላቀቅ ድረስ ብርሃኑን 1 ወይም 2 ስቶፕ ቀንሱ (እያንዳንዱ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል)። (ካሜራው የሚያሳየው ከጄፔግ (ተቀናብሮ ከተጨመቀው) ቅጂው የተሰላ ስለሆነ ሮው ገና ሳይሞላ «ሞላ» ብሎ ይጮኻል፤ ቢሆንም ከመገመት ይሻላል።)

ከሁሉ የሚሻለው ግን ነጭ መብራት ፊት ላይ የሚያርፍበትን ቅጽበት መጠበቅ ነው። ካልመጣ፣ ያልተቃጠለውን ቀይ ቻናል (የቀዩን ቀለም መረጃ) ብቻ ይዛችሁ ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጡት።